ግዙፎቹና ድንኮቹ አይጦች፦ ስለ ምግብ፣ ስለ ዕድገት ሆርሞንና ስለ ዕድሜ

 

ሰሞኑን ከዒሻ ሶላት በኋላ አንድ ወጣት ወንድማችን ጠጋ ብሎን ከኪሱ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አወጣ። ስፖርት ከሚሠራበት ቤት ጓደኛው የሰጠው የዕድገት ሆርሞን መሆኑን ነገረንና «ኡስታዝ፣ ከአሳማ የተሠራ እንዳይሆን ፈርቼ ነው፤ ሐላል ነው ወይ?» ሲል ጠየቀን። መጠየቁ የሚያስመሰግነው ነው። ሆኖም ከምን እንደተሠራ ብቻ ሳይሆን ገላ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚያደርግም ሳይታወቅ መልስ መስጠት ተገቢ ሆኖ ስላላገኘነው ቀጠሮ ሰጠነው። የዛሬው ዝግጅታችን ያንን ቀጠሮ ለመሙላት ካነበብነው የተጠናቀረ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ከሰው ሳይሆን ከአይጥ ነው። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ ይሏል።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የምግብ ተመራማሪዎች ዋና መለኪያ ሚዛን ነበር። ቪታሚኖች አንድ በአንድ እየተለዩ በሚታወቁበት በዚያ ዘመን፣ የአንድ ምግብ ጥሩነት የሚፈተነው የአይጥ ግልገል እሱን በልታ በሳምንት ስንት ግራም እንደጨመረች በመመዘን ነበር። ፈጥና ያደገችው ጤነኛ፣ የዘገየችው ጎደሎ ተብላ ትመዘገባለች። «ልጄ ወፈረልኝ» ብለው ደስ የሚላቸው እናቶቻችን ብቻ አይደሉም ማለት ነው፤ ፕሮፌሰሮቹም እንደዚያው ነበሩ።

በዚህ አስተሳሰብ ላይ የመጀመሪያውን ጥርጣሬ ካመጡት መካከል በአሜሪካ ኮኔቲከት ይሠሩ የነበሩት ኦስቦርንና ሜንዴል ይገኙበታል። በ1917 ባወጡት ጽሑፍ፣ በምግብ ማነስ ዕድገታቸው የተገታ አይጦች በኋላ ሲመገቡ እንደገና ማደግ እንደሚችሉ፣ ዕድሜያቸውም የረዘመ እንደሚመስል አመለከቱ። ነገሩን እስከ ጫፍ ድረስ የተከተለው ግን በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የነበረው ክላይቭ ማኬይ ነው። ማኬይ መጀመሪያ ያጠናው ትራውት የሚባለውን ዓሣ ነበር። ፕሮቲን አንሷቸው ያላደጉት ዓሦች፣ ጠግበው ካደጉት ይልቅ ቆይተው ሲሞቱ ተመለከተ። ይህ ነገር ከዓሣ አልፎ በአጥቢ እንስሳም ይሠራ እንደሆነ ለማየት ከመቶ በላይ አይጦች ሰብስቦ በሦስት ከፈላቸው። አንደኛው ቡድን እንደልቡ ይበላል። የሁለቱ ቡድኖች ምግብ ግን ተመጥኖ የሚሰጥ ነው። እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባን፣ ማኬይ አይጦቹን በረሃብ አለመቅጣቱን ነው። ፕሮቲኑም፣ ቪታሚኑም፣ ማዕድኑም ይሟላላቸዋል፤ የሚቀነሰው ኃይል ሰጪው ምግብ፣ ማለትም ካሎሪው ብቻ ነው።

ውጤቱ በ1935 ታተመ። እንደልባቸው የበሉት ወንድ አይጦች በአማካይ 480 ቀን አካባቢ ሲኖሩ፣ የተመጠነላቸው ወንዶች ከ800 ቀን በላይ ኖሩ። በሴቶቹ ላይ ግን ያን ያህል ልዩነት አልታየም። ይህን የምንጠቅሰው ታሪኩ በየቦታው ሲተረክ ይህቺኛዋ ክፍል ብዙ ጊዜ ስለምትዘለል ነው። ዕድሜያቸው የረዘመው አይጦች አካላቸው ትንሽ ሆኖ መቅረቱም እውነት ነው።

ይህ በእንዲህ እንዳለ፣ በካሊፎርኒያ በርክሊ ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። በአንጎል ሥር ፒቱታሪ የምትባል፣ ከአተር ፍሬ የማትበልጥ ዕጢ አለች። ኸርበርት ኢቫንስና ጆሴፍ ሎንግ በ1921 የከብት ፒቱታሪ ፈጭተው ጭማቂውን አይጦችን ሲወጉ፣ አይጦቹ ማደግ ከሚቆሙበት መጠን አልፈው ግዙፍ ሆኑ። ከብዙ ድካም በኋላ በ1944 ኢቫንስ ከቾ ሃው ሊ ጋር ሆኖ ሆርሞኑን አጣርቶ ማውጣት ቻለ። በዚያ ዘመን መንፈስ ይህ ታላቅ የምሥራች ነበር፤ ዕድገት ማለት ጤና ነውና። ሆኖም በ1950 ከዚያው ከበርክሊ የወጣው ዘገባ፣ ሆርሞኑን ለረጅም ጊዜ የተወጉ አይጦች በሳንባቸው፣ በኩላሊት አናት ላይ ባለችው ዕጢና በእንቁልጢያቸው ላይ ዕባጭ እንዳበቀሉ ገለጸ። የምሥራቹን ያበሠሩት ራሳቸው ማስጠንቀቂያውንም ማሳተማቸውን ከታማኝነት እንቆጥርላቸዋለን።

በታኅሣሥ 1982 ደግሞ ፓልሚተርና ብሪንስተር የተባሉ ሳይንቲስቶች ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ የትልቁን የአይጥ ዝርያ የዕድገት ሆርሞን ዘረመል በትንሿ አይጥ ፅንስ ውስጥ አስገቡ። ከተወለዱት ግልገሎች አንዳንዶቹ የወንድሞቻቸውን እጥፍ ሊያህሉ ምንም አልቀራቸውም። ፎቶግራፉ ዓለምን አስደነቀ። የእነዚያ ግዙፎች መጨረሻ ግን እንደ ፎቶግራፉ አልተወራለትም። ኩላሊታቸው ይጠነክርና ሥራውን ያቆማል፣ ጉበታቸው ይታመማል፣ ገና በወጣትነታቸው ያረጃሉ፤ ዕድሜያቸውም ከመደበኛዎቹ በእጅጉ ያጠረ ሆነ።

ከግዙፎቹ በተቃራኒ ድንኮቹ አሉ። «ኤምስ ድንክ» የሚባሉት አይጦች ፒቱታሪያቸው ጎደሎ ሆና ስለምትፈጠር የዕድገት ሆርሞን አያመነጩም። በ1996 አንድርዜ ባርትኬና ባልደረቦቹ እንዳሳወቁት፣ ከጤነኛ ወንድሞቻቸው ወንዶቹ 49 በመቶ፣ ሴቶቹ 68 በመቶ ያህል ረዝመው ይኖራሉ። በኦሃዮ የጆን ኮፕቺክ ቡድን ደግሞ በ1997 ሆርሞኑ የሚያርፍበትን ተቀባይ ያጡ አይጦች ፈጠረ። ከእነርሱ ዝርያ የሆነ አንድ አይጥ በ2003 መጀመሪያ ላይ ሲሞት አምስት ዓመት ሊሞላው የቀረው አንድ ሳምንት ብቻ ነበር። የላቦራቶሪ አይጥ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለትና ሁለት ዓመት ተኩል እንደማያልፍ ስናስብ ነገሩ ያስደንቃል።

ታዲያ ምግብና ሆርሞን ምን ያገናኛቸዋል? እንስሳው ምግብ ሲያንሰው፣ በዕድገት ሆርሞን ትእዛዝ ጉበት የሚያመርተው አይ.ጂ.ኤፍ-1 የሚባለው ንጥረ ነገር በደሙ ውስጥ ይቀንሳል። ገላው ከግንባታ ወደ ጥገና ያዘነብላል። ሁለቱ መንገዶች በከፊል አንድ ቦታ እንደሚደርሱ ያሳየው በ2006 የወጣ ጥናት ነው፦ ተቀባዩን ያጡት አይጦች ምግባቸው ሲቀነስ፣ ከነበራቸው ረጅም ዕድሜ ላይ የጨመሩት የረባ ነገር አልነበረም። «በከፊል» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከዚያ በፊት በ2001 ኤምስ ድንኮቹ ምግባቸው ሲቀነስ የበለጠ ኖረው ነበርና።

አንዳንድ ወንድሞቻችን ይህን ሲሰሙ «ይኸው፣ ሳይንስ ጾማችንን አረጋገጠ» ማለታቸው አይቀርም። ሆድን በሦስት ስለመክፈል የተነገረውን ሐዲስ የሚያነሳም ይኖራል። ሐዲሱን እንወደዋለን፣ ልንሠራበትም ይገባል። ነገር ግን የምንጾመው አላህ (ሱ.ወ.) ስላዘዘን እንጂ በኮርኔል አይጥ ዕድሜው ስለረዘመ አይደለም። እምነቱን በጥናት ላይ የሚያስደግፍ ሰው የዝንጀሮዎቹን ነገር ይስማ። በዊስኮንሲን ሬሰስ የሚባሉ ዝንጀሮዎች ምግባቸው ተቀንሶ ለሃያ ዓመት ከተጠኑ በኋላ፣ በ2009 የተሻለ ጤናና ዕድሜ እንዳላቸው ተነገረ። በ2012 ግን የአሜሪካ መንግሥት የእርጅና ምርምር ተቋም በራሱ ዝንጀሮዎች ላይ የዕድሜ ልዩነት አላገኘሁም አለ። ሁለቱ ቡድኖች በ2017 ተቀምጠው ሲያስተያዩት፣ ከምክንያቶቹ አንዱ በቀላል ቦታ ተገኘ። የዊስኮንሲን ዝንጀሮዎች መኖ 28.5 በመቶው ስኳር ሲሆን የሌላኞቹ 3.9 በመቶ ብቻ ነበር፤ በዊስኮንሲን ለማነጻጸሪያ የተያዙትም እንደልባቸው የሚበሉ ነበሩ። በስኳር ከወፈረው ጋር ሲወዳደር ማን አይሻል? (ከኢፍጣር ማዕዳችን ስንቱ ስኳር እንደሆነ ለእያንዳንዱ ቤት እንተወዋለን።) በ2010 የወጣ አንድ ጽሑፍም ይህንኑ ለአይጦቹ ተናግሯል፦ በጠባብ ጎጆ ተዘግተው ቀን ከሌት የሚበሉት፣ «መደበኛ» የምንላቸው የላቦራቶሪ አይጦች ራሳቸው የወፈሩ በሽተኞች ናቸው።

ወደ ሰው እንምጣ። በ1990 በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ61 እስከ 81 የሆኑ 12 ወንዶች ለስድስት ወር ሆርሞኑን ተወግተው ጡንቻቸው ሲጨምር ስባቸው ቀነሰ። ነጋዴዎች ይህችን ጽሑፍ ይዘው «የወጣትነት መርፌ» መሸጥ ጀመሩ። መጽሔቱ በ2003 ጽሑፉ ለማስታወቂያ መዋሉን የሚቃወም ማሳሰቢያ እስከማውጣት ደረሰ። ያለ ሕመም የሚወሰድ የዕድገት ሆርሞን እብጠት፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና ለስኳር በሽታ የሚያጋልጥ የደም ስኳር መጨመር ያመጣል። በአንጻሩ በደቡባዊ ኢኳዶር እንደ ኮፕቺክ አይጦች የሆርሞኑ ተቀባይ ሳይሠራላቸው የሚወለዱ አጫጭር ሰዎች አሉ። ለ22 ዓመታት የተከታተሏቸው ሐኪሞች በ2011 እንደገለጹት ካንሰር በእነርሱ ላይ እጅግ ጥቂት ነው፤ የስኳር በሽታም አልተገኘባቸውም። ሆኖም እንደ አይጦቹ ረጅም ዕድሜ አልኖሩም። ብዙዎቹ በሕፃንነታቸው ይሞታሉ፣ ያደጉትንም አደጋና መጠጥ ይወስዳቸዋል። ሰው በጎጆ ተዘግቶ የሚኖር ፍጡር አይደለምና።

እናቶች ሆይ፣ ከዚህ ተነስታችሁ የልጅ ምግብ እንዳትቀንሱ አደራ። በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገራችን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ናቸው። የእነርሱ መቀንጨር የማኬይ አይጦች ዓይነት አይደለም፤ ካሎሪው ብቻ ሳይሆን ፕሮቲኑም ቪታሚኑም ጎድሎባቸዋል፣ ተቅማጥና ትኩሳትም ይመላለስባቸዋል። በ2005 በወጣ ጥናት፣ ምግባቸው የተቀነሰ ያረጁ አይጦች ኢንፍሉዌንዛ ሲይዛቸው ጠግበው ከበሉት ይልቅ ሞተዋል። ከበሽታ ተጠብቆ በላቦራቶሪ የሚኖር እንስሳ የሚችለውን የእኛ ሕፃን አይችለውም። ሐኪም መርምሮ ሆርሞኑ በእርግጥ የጎደለው ልጅ ካገኘም መርፌው ለእርሱ እውነተኛ መድኃኒት ነው።

የወጣቱ ጥያቄ አልተረሳም። የከብትም ሆነ የአሳማ የዕድገት ሆርሞን በሰው ላይ አይሠራም። ስለዚህ እስከ 1985 ድረስ ለሕክምና ይወሰድ የነበረው ከሰው ሬሳ ፒቱታሪ ነበር። ከተወጉት መካከል አንጎልን በሚበላ በሽታ የሞቱ ስለተገኙ በዚያው ዓመት በአሜሪካ ቆመና የሰው ዘረመል በገባበት ባክቴሪያ የሚመረተው ተተካ። የአሳማው ስጋት በዚህ ይቃለላል። በዚያች ብልቃጥ ውስጥ ያለው በእርግጥ ያ መሆኑን ግን ከመለያ ወረቀቷ በቀር የሚመሰክር የለም። ቢሆንም እንኳ፣ ለጤነኛ ገላ ጉዳት የሚያስከትል ነገር ከንጹሕ ምንጭ በመቀዳቱ ብቻ አይፈቀድም።

ይህንን ነገርነው። ለሐኪም እስኪያሳያት ድረስ ብልቃጧን አስቀምጡልኝ አለን፤ አሁን በመስጊዱ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ናት። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።