አፉን የዘጋው አባት

ስለ ዓሣ ሲነሣ ብዙዎቻችን የሚታወሰን ምጣድና ዘይት ነው። ዓሣ እንቁላሉን በትኖ የሚሄድ፣ የልጅ ነገር የማያውቅ ፍጡር ተደርጎም ይታሰባል። ዳሩ ግን ከጣና እስከ ጫሞ በሐይቆቻችን የሚዋኘው ቆሮሶ ይህን ግምት ያፈርሰዋል። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ልጆቿም ከወጡ በኋላ አንዳች ነገር ሲያስደነግጣቸው ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። የዛሬው ጨዋታችን ግን ራቅ ይላል። በደቡብ ምሥራቅ እስያ ወንዞችና ረግረጎች ይህንኑ ሸክም እናቲቱ ሳትሆን አባትየው የሚሸከምባቸው ትንንሽ ዓሦች አሉ። ቤታ ይባላሉ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቤታ ሲባል ዓለም አስቀድሞ የሚያውቀው ሌላውን ወንድማቸውን ነው፤ የሲያምን፣ ማለትም የዛሬዋን ታይላንድን፣ ተፋላሚ ዓሣ። ሁለት ወንዶች አንድ ማሰሮ ውስጥ ቢገቡ ክንፍ ለክንፍ ይቦጫጨቃሉ። የአገሩ ሰው «ፕላ ካት»፣ ተናካሽ ዓሣ ይለዋል፤ ገንዘብም ሲያስይዝበት ኖሯል። በ2019 የታይላንድ መንግሥት ብሔራዊ የውኃ እንስሳ አድርጎ ሰይሞታል። ይህ ጦረኛ ልጆቹን የሚያሳድገው ውኃው ፊት ላይ በሚሠራው የአረፋ ጎጆ ነው። ይሁንና በቤታ ስም ከሚጠሩት ከ70 በላይ ዝርያዎች ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ጎጆ አያውቁም፤ ጎጇቸው አፋቸው ነው። ለመሆኑ አንዱ ስመ ጥር ሲሆን የቀሩት ለምን ተረሱ? የነገሩ አንዱ ክር ከስያሜው ይመዘዛል።

ፒተር ብሌከር የሚባል የሆላንድ ጦር ሐኪም በባታቪያ፣ በዛሬዋ ጃካርታ፣ ተቀምጦ ከሥራው በተረፈው ሰዓት ከገበያ ዓሣ እየገዛ ይመረምር ነበር። በ1850 ቤታ የሚለውን የወገን ስም ያወጣው እርሱ ነው። መነሻ ያደረገው የጃቫ ዓሣም ዛሬ ቤታ ፒክታ የሚባለው፣ እንቁላሉን በአፉ የሚታቀፈው ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ስሙ መጀመሪያ የወጣው ለጦረኛው አልነበረም ማለት ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1849፣ ቴዎዶር ካንቶር የተባለ ሌላ ሐኪም፣ ዴንማርካዊ፣ የማሌዢያዋን የፔናንግ ደሴት ዓሣ ሲገልጽ ፑግናክስ አለው። በላቲን ጠበኛ ማለት ነው። የሲያሙን ተፋላሚም የዚሁ የፔናንጉ ዓሣ ዓይነት አድርጎ ቆጠረው። ስሕተቱን ያረመው በለንደን የብሪቲሽ ሙዚየም የዓሣ ሊቅ የነበረው ቻርልስ ቴት ሬጋን ሲሆን፣ በ1910 ሁለቱን ለያይቶ ጦረኛውን ቤታ ስፕሌንደንስ፣ ያማረው፣ ብሎ ሰየመው። በሳይንስ ሕግ ግን ቀድሞ የወጣ ስም አይፋቅም። ስለዚህ ጠበኛ የሚለው ስም፣ ልጆቹን በአፉ ይዞ በሚደበቀው የፔናንግ ዓሣ ላይ እስከ ዛሬ ተጣብቆ ቀረ።

በዚያው በ1910 ጽሑፍ ሬጋን አንድ የቦርኒዮ ዓሣም ሰይሟል፤ ቤታ ማክሮስቶማ፣ አፈ ሰፊው። ስሙ አፉን ይጠቅሳል፤ ነገር ግን አልኮል ውስጥ የተነከረ በድን አፉ ለምን እንደሰፋ አይናገርም። ያንን ለማየት ሕያው ዓሣና ትዕግሥተኛ ሰው ያስፈልጋል።

የመስታወት ገንዳው ያን ጊዜ አዲስ ነገር አልነበረም። በ1853 የለንደን የእንስሳት መጠበቂያ የዓሣ ቤቱን ለሕዝብ ከፍቶ ነበር። በ1869 ደግሞ ፓሪስ ውስጥ ፒየር ካርቦንየ የቤታን የቅርብ ዘመድ፣ «የገነት ዓሣ» የሚባለውን፣ ከቻይና አስመጥቶ አራባ። እነዚህ ዓሦች ከውኃው ፊት አየር ስለሚስቡ፣ ሌላው በሚታፈንበት ጠባብ ዕቃ ረጅሙን የመርከብ ጉዞ ይችሉታል። የአረፋ ጎጆም ለተመልካች ግልጥ ነው፤ አፍ ውስጥ ያለውን ግን ማን ያየዋል?

እስቲ በቤት ገንዳ ውስጥ የሚሆነውን እንመልከት። ወንዱ ሴቷን በአካሉ ይጠመጥማታል። የሚወርዱት እንቁላሎች በታችኛው ክንፉ ላይ ያርፋሉ። ሴቷ በአፏ ትለቅማቸውና ፊት ለፊቱ ቆማ አንድ በአንድ ትተፋለታለች፤ እርሱ ይቀልባል። አንዳንዴ ሰጥታው መልሳ ትነጥቀዋለች፤ ልጅ እንደሚያባብል ሰው። ሁሉንም ሲረከብ ጉሮሮው አብጦ ወደ ጥግ፣ ወደ ደረቀ ቅጠል ሥር ይገባል። ከዚያ በኋላ እህል አይቀምስም። እንደ ዝርያው 10 ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ሲብስም ከዚያ በላይ ይጾማል።

ብዙው አርቢ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ለማየት ይቸኩላል፤ መብራት ያበራል፣ መስታወቱን ያንኳኳል፣ ውኃ ይቀይራል። የደነገጠ አባት፣ በተለይ የመጀመሪያው ከሆነ፣ የያዘውን ሁሉ ይውጠዋል። በማግስቱ ጉሮሮው ሟሽሾ ምግብ ሲሻማ ይገኛል። መድኃኒቱ መተው ነው፤ ከመክደኛው በቀር፣ ዘላዮች ስለሆኑ ገንዳው ክፍት አይተውም። የታገሠ ሰው ግን አንድ ቀን ሙሉ ዓሣ የመሰሉ ልጆች ከአፉ ሲወጡ ያያል። ቁጥራቸው ከአረፋ ጎጆ ልጆች ያንሳል፤ ግን ጠና ያሉ ስለሆኑ፣ አርቴሚያ የምትባለዋን የጨው ውኃ ፍጥረት ወዲያው እንደተፈለፈለች መብላት ይችላሉ።

ይህ ሁሉ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ባልጻፍነው። በ1979 በጀርመናዊው ዓሣ አርቢ በዋልተር ፎርሽ ስም የተሰየመው ቤታ ፎርሺ፣ ከማዕከላዊ ካሊማንታን ጥቁር ውኃ የተገኘ፣ በአፉ የሚያሳድግ ዓሣ ነው። የኢንዶኔዥያ መንግሥት በ1995 ያወጀው የሩዝ ልማት ዕቅድ ያረፈው በዚያው አውራጃ ላይ ነበር። አንድ ሚሊዮን ሄክታር ያህል ረግረግ በቦይ ሊደርቅ ታሰበ፤ በ1997 ድርቅ መጣ፤ የደረቀው አፈር ራሱ ነደደ። ሩዙም አልሆነም። ሳይንስ ግን ገና ቆጥሮ አልጨረሰም ነበር፤ ከእሳቱ ሦስት ዓመት በፊት፣ በ1994፣ ሞሪስ ኮትላና ፒተር ንግ ከምሥራቅ ካሊማንታን ሁለት አዳዲስ ቤታዎችን፣ አልቢማርጂናታንና ቻኖይደስን፣ ሰይመው ነበር። ሁለቱም በአፍ የሚያሳድጉ ናቸው።

እነዚህ ሁለቱ በመልክ እጅግ ስለሚቀራረቡ በአንድ ገንዳ ቢቀላቀሉ ዘራቸው ይደበላለቃል፤ የተደበላለቀውንም ማንም መልሶ አይለየውም። ስለዚህ ጠንቃቃ አርቢዎች በገንዳው ላይ የዝርያውን ስም ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያዎቹ ወላጆች የተያዙበትን ወንዝና መንደር ጭምር ይጽፋሉ። ዓሣው ለሌላ ሰው ሲሰጥ ያ ጽሑፍ አብሮት ይሄዳል፤ ረግረጉ ራሱ ባይኖርም እንኳ።