አቦል አለት አይደለም

ታኅሣሥ 7 ቀን 2012 ዓ.ም ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ከ100 የሚበልጡ አገሮች ለሩቅ ኮከቦችና ለፕላኔቶቻቸው ያወጡትን ስም ይፋ አደረገ። ለኢትዮጵያ የደረሳት እስከዚያ ቀን ኤችዲ 16175 በሚል ቁጥር ብቻ ይጠራ የነበረ ኮከብ ነው። ኮከቡ ቡና፣ ፕላኔቱ አቦል ተባሉ። በሦስተኛው ቀን የአገሪቱ የመጀመሪያ ሳተላይት ከቻይና መጠቀችና የሰው ሁሉ ጆሮ ወደ እሷ ዞረ። አቦል ግን ስሙ ከቤታችን የወጣ ስለሆነ፣ ተራራና ሜዳ ያለው፣ እግር የሚያሳርፍ ሌላ ምድር አድርጎ መገመት ይቀናናል። አይደለም። ፀሐይን በሚመስል ሩቅ ኮከብ ዙሪያ አለታማ ዓለም ተገኘ ለማለት ሁለት ማስረጃ አንድ ላይ መቅረብ አለበት፤ አቦል ያለው አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም ይመሰክርበታል።

በራያዋ ዋጃ ገበያ አፉ የታሰረ ጆንያ ቆሞ ብናይ፣ ማሽላ ይሁን ገለባ ትልቅነቱ ብቻ አይነግረንም። ከፍ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። ክብደቱን ብቻ የሰማ ሰውም ጆንያውን ካላየ ያው ነው። ፕላኔትም እንዲሁ ነው። በኮከቡ ፊት ሲያልፍ ከብርሃኑ ጥቂት ይጋርዳልና ከዚያ ስፋቱ ይሰላል፤ በስበቱ ኮከቡን ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዘው ደግሞ ክብደቱ ይታወቃል። ሁለቱ ሲገናኙ ነው አካሉ የታመቀ አለት ይሁን የተበተነ ጋዝ የሚለየው። ከ1988 ዓ.ም ጀምሮ፣ ሚሼል ማዮርና ዲዲየ ኬሎ ፀሐይን በሚመስል ኮከብ ዙሪያ የመጀመሪያውን ፕላኔት ካገኙ ወዲህ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ፕላኔቶች ተመዝግበዋል። ሁለቱም ልኬት የተሟላላቸው ግን ከዚያ ውስጥ ትንሹ እጅ ናቸው።

አቦል በ2001 ዓ.ም ይፋ የሆነው በካሊፎርኒያው ሊክ ኦብዘርቫቶሪ በተሠራ ልኬት ነው። ቡና የተባለውን ኮከብ በሰከንድ 100 ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት ያወዛውዘዋል። ለማነጻጸር ያህል፣ ምድራችን ፀሐይን የምታወዛውዘው በሰከንድ 9 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የአቦል ክብደት ቢያንስ ከጁፒተር አራት እጥፍ ይበልጣል፤ በምድር ሲመነዘር 1,400 ምድር ገደማ መሆኑ ነው። አንድ ዙር ለመጨረስ 2 ዓመት ከ8 ወር ያህል ይፈጅበታል፤ መንገዱም የተለጠጠ ስለሆነ ኮከቡን አንዴ ይጠጋዋል፣ አንዴ ይርቀዋል። በኮከቡ ፊት ሲያልፍ ታይቶ ስላልተለካ ስፋቱ አይታወቅም። ታዲያ ስፋቱ ካልታወቀ አለት አይደለም ብሎ መድፈር ምን ይባላል? የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ከክብደቱ ይመጣል፦ ስፋታቸውም ክብደታቸውም ከተለካ ፕላኔቶች መካከል ይህን ያህል የከበዱት በጋዝ የተሞሉ ሆነው ነው የተገኙት። ይህን የሚያህል አለት ለመሥራት የሚበቃ ድንጋይና ብረትም አንድ ኮከብ ሲወለድ በዙሪያው አይገኝም።

አለትነታቸው በሁለቱም ሚዛን ከተረጋገጠላቸው አንዱ ኬፕለር-10ቢ ነው። ናሳ በጥር 2003 ዓ.ም ሲያስታውቀው፣ ስፋቱን የኬፕለር ቴሌስኮፕ ከጠፈር፣ ክብደቱን በሃዋይ ያለው የኬክ ቴሌስኮፕ ከምድር ለክተውት ነበር። ወርዱ የምድርን አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ፣ ክብደቱ ከሦስት ምድር በላይ ነው። የኮከቡ ብርሃን እኛ ዘንድ ለመድረስ 600 ዓመት ያህል ይፈጅበታል፤ ዛሬ የምናየው በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ገደማ የተነሣው ነው። (የቡና ብርሃን ደግሞ 200 ዓመት ገደማ ተጉዟል፤ ሲነሣ ከራያ ጎረቤት የየጁ መሳፍንት በደብረ ታቦር ይገዙ ነበር።) ኬፕለር-10ቢ አለት ቢሆንም ለሰው አይሆንም፦ አንድ ዓመቱ 20 ሰዓት ነው፣ በቀን የሚግለውም ከ1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም የምድር ታላቅ ዘመድ ተብሎ የተወራለት ኬፕለር-452ቢ ዓመቱ 385 ቀን ነው፤ ክብደቱ ግን አልተለካም። ዜናው ከማስረጃው ቀድሟል ብዬ አምናለሁ።

ይህ ሁሉ ለዋጃ ምኑ ነው? ዝናብ ለሚጠብቅ የቆላ ገበሬ የማይረገጥ ዓለም አለት ሆነ ጋዝ ምን ሊፈይድለት? የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ ሰማይን ማጥናት ማሽላ ያበቅላል የሚል መልስም ሐሰት ይሆናል። ጥያቄው የአገሪቱ ድርሻ ስም ከማውጣት ማለፍ ይችላል ወይ ከሆነ ግን ቦታው ራሱ ይመልሳል። ዋጃ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማትርቅ የሰሜኑም የደቡቡም ሰማይ ይታይባታል። በታኅሣሥ መጀመሪያ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ቡና በሰሜን ከአድማሱ 60 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል፤ ለዓይን ባይታይም በጥሩ ባይኖኩላር ይደረስበታል። ከፀሐይ ቀጥሎ ቅርቡ ፀሐይ መሰል ኮከብ አልፋ ሴንታውሪ፣ ከአውሮፓ ምድር ጨርሶ የማይታየው፣ ከዚህ በደቡብ ዝቅ ብሎ ይታያል።

ትንሽ ቴሌስኮፕ አለታማ ዓለም አያገኝም የሚሉም እውነት አላቸው። ምድርን የሚያህል ፕላኔት ፀሐይን ከሚመስል ኮከብ ብርሃን ከ10,000 እጅ አንዱን እንኳ አይጋርድም፤ በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ያሉት የእንጦጦ ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ያንን አይለዩም። ሆኖም የጠፈር ቴሌስኮፕ ፕላኔት ብሎ ከሚጠቁመው ጥቂት የማይባለው እርስ በርስ የሚጋረዱ ሁለት ኮከቦች ሆኖ ይገኛል። ያንን ማጣራት ለአንድ ሜትር ቴሌስኮፕ የሚመጥን ሥራ ነው፤ በቺሊ ገና ቀን ሳለ በኢትዮጵያ ስለሚመሽም፣ ከዚያ ሊታይ በማይችልበት ሰዓት ከዚህ መመልከት ይቻላል። እንጦጦን የሚፈትነው የአዲስ አበባ መብራት ነው። ለዚህም ነው ለትልቅ ኦብዘርቫቶሪ በላሊበላ አካባቢ ያሉት የላስታ ከፍታዎች ሲጠኑ የቆዩት፤ ከራያ ሜዳ ወደ ምዕራብ ሲታይ ከሚቆመው ደጋ ጀርባ ያሉት ማለት ነው።