ፀሐይን የጠየቀ ቤት

ቤቴን ያሠራሁ ጊዜ መሐንዲሱን አጥብቄ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ፊቱ ወደ መንገዱ ይዞራል ወይ?» ዞረ። እነሆ እናቴ በየጠዋቱ በርጩማዋን ይዛ ፀሐይ ልትሞቅ ወደ ግቢው ጥግ ትወጣለች፤ ሳሎኑ እንደ ዋሻ ይቀዘቅዛልና። አንድ ቀን «ልጄ፣ ቤቱን የሠራኸው ለሰው ነው ወይስ ለመንገዱ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ወደሚከተለው ታሪክ የመራኝ ይኸው ጥያቄ ነው። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ጆርጅ ፍሬድ ኬክ የቺካጎ አርክቴክት ነበር። በ1933 በዚያች ከተማ ለተከፈተው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ግድግዳው መስተዋት የሆነ፣ ባለ አሥራ ሁለት ጎን ቤት ሠራ፤ «የነገው ቤት» ተባለ። ማሞቂያው ገና ሳይገባ፣ ብርድ በጠናበት ቀን ኬክ ብቅ ቢል ሠራተኞቹን በሸሚዝ ብቻ ሲሠሩ አገኛቸው። በመስተዋቱ የገባችው ፀሐይ አሙቃቸው ነበር።

ምሥጢሩ ቀላል ነው። በቺካጎ የታኅሣሥ ፀሐይ በቀትር ከአድማስ ከፍ የምትለው 25 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ የሰኔዋ ግን 70 ዲግሪን ታልፋለች። እንግዲህ ቤቱን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አርዝሞ፣ ሰፊውን መስኮት ወደ ደቡብ አዙሮ፣ ጣራውን ከመስኮቱ በላይ አሳልፎ ለሠራ ሰው የብርዱ ወራት ፀሐይ እስከ ውስጥ ትዘልቅለታለች፤ የሙቀቱን ወራት ፀሐይ ደግሞ ጣራው ይመልስለታል።

በ1940 ኬክ በዚህ ዘዴ በቺካጎ ዳርቻ፣ በግሌንቪው፣ ለሆዋርድ ስሎን ቤት ነደፈለት። ስሎን ቤት ሠርቶ ሻጭ ነበርና ነገሩ ገበያ እንዳለው ሲያይ እዚያው አካባቢ የፀሐይ ቤቶች መንደር ጀመረ። ጦርነቱ ሲያበቃ ከግንባር የተመለሰው ወታደር ሁሉ ቤት ፈላጊ ሆነ። በ1945 አንድ የሮክፎርድ ኩባንያ ኬክ የነደፈውን ቤት በፋብሪካ እያዘጋጀ፣ በቦታው እየገጣጠመ ለመሸጥ ተነሣ። የባለጸጋው ምቾት ለተራው ቤተሰብ ሊደርስ ነው ተባለ።

አልደረሰም። አንደኛ፣ መስተዋት ቀን ያስገባውን ሙቀት ሌሊት ያስወጣል፤ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የፀሐይ ቤትና ተራ ቤት ጎን ለጎን አቁሞ ቢመረምር ቁጠባው የተወራለትን ያህል አልሆነም። ሁለተኛ፣ ነጋዴው ስሙን ወስዶ ምሥጢሩን ጣለ፤ ሰፊ መስኮት ያለው ቤት ሁሉ፣ ወደየትም ይዙር፣ «የፀሐይ ቤት» ተብሎ ተሸጠ። ሦስተኛውና ዋነኛው ግን የነዳጅ መርከስ ነው። ከ1947 ጀምሮ በኒውዮርክ አቅራቢያ ሌቪታውን ውስጥ ከ17,000 በላይ ቤቶች ተሠሩ። ፊታቸው ወደ መንገዱ ነበር። ፀሐይን የጠየቃት አልነበረም።

በ1954 የቤል ላቦራቶሪ ሊቃውንት ከብርሃን ኤሌክትሪክ የሚያወጣውን የሲሊኮን ሴል አሳዩ፤ ከሚያርፍበት ብርሃን የሚጠቀመው 6 በመቶ ያህሉን ነበር። ይህ ጥበብ አድጎ በጀርመን ፍራይቡርግ የሮልፍ ዲሽ 59 ቤቶች በጣራቸው ከሚፈጁት የበለጠ ኃይል ለማመንጨት በቁ። ያም ሆኖ ትልልቅ መስኮቶቻቸው ወደ ደቡብ ያያሉ፤ ጣራቸውም ጥላ ይጥላል። የኬክ ትምህርት አልተሻረም።

እኔ ከዚህ የተረዳሁት፣ ሶላሩ ዘግይቶም ቢሆን ጣራ ላይ ይወጣል፤ የቤት ፊት ግን አንዴ መሠረት ሲጣል ይወሰናል። የኬክንም ልክ እንዳለ እንቅዳ አልልም፤ በአዲስ አበባ የሰኔ ፀሐይ በቀትር ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ ሰማያችን ሌላ ነው። ጥያቄውን ግን መቅዳት እንችል ነበር።

ዛሬ ጠዋትም በርጩማዋን ይዤላት ወጣሁ።