ግጭን ደባርቅ ፈልጉት

«ደባርቅ ሄጄ ምን ልሥራ?» ብላችሁ ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ መልሱ አጭር ነው፦ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ገብታችሁ ትከፍላላችሁ፣ አስጎብኚና ስካውት ትይዛላችሁ፣ ወደ ተራራው ትወጣላችሁ። በቃ። ከተማዋ እንደ ትኬት መቁረጫ ነው የምትታየው። እኔ ግን የሰሜን ተራሮችን የቅርብ ጊዜ ታሪክ ማወቅ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ደባርቅ ውሎ ማደር አለበት ባይ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓርኩ በፈረንጆቹ 1978 ከላሊበላ ጋር ከዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆነ። በ1996 ደግሞ ዋልያውና ቀይ ቀበሮው ስለተመናመኑ፣ እርሻውም ስለተስፋፋ፣ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋር ተመዘገበ። ግን እኮ ፓርኩ ውስጥ ሰው ነበር። ግጭ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ አብዛኛው ነዋሪዋ ሙስሊም የሆነ፣ ገብስ የሚዘራባትና ከብት የሚረባባት መንደር ነበረች። ፓርኩ ነው መንደሯ ላይ የመጣው፤ መንደሯ ፓርኩ ላይ አልመጣችም።

በ2016 ከ400 በላይ የግጭ አባወራዎች ካሳና የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ወረዱ። በዓመቱ፣ በ2017፣ ዩኔስኮ ፓርኩን ከአደጋው መዝገብ አወጣው። ለዋልያው እሰየው ነው። ሂሳቡን የከፈለው ግን ማን ነው?

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። መረጃ ከአንድ ዳታቤዝ ወደ ሌላ ስናዛውር መዝገቦቹ በሙሉ መድረሳቸውን መቁጠር ቀላል ነው። ከባዱ አንዱን ከሌላው ያገናኘው ክር እንዳይበጠስ ማድረግ ነው። አባወራ ይቆጠራል፤ ካሳም በብር ይሰላል። ማን ከማን ጋር በወንፈል እንደሚያርስ፣ የማን በግ ከማን በግ ጋር እንደሚሰማራ፣ ሰው ሲሞት ማን ቀድሞ እንደሚደርስ ግን የትኛው ሰንጠረዥ ውስጥ ይገባል? ገብስ ሲዘራ የኖረ ገበሬ ዱቄት በኪሎ መግዛት ሲጀምርስ ኪሳራው በምን ይለካል?

ግጭ የሚባል ካምፕ ዛሬም አለ፤ ተጓዦች ድንኳን ይተክሉበታል። ስሙ እዚያው ቀረ፣ ሰዎቹ ወረዱ።

ስለዚህ ስትሄዱ ለከተማዋ አንድ ቀን ተዉላት። ገበያ ውጡ፣ ሻይ ቤት ተቀመጡ። ስለ ግጭ የሚያጫውታችሁ ሰው ካገኛችሁ ሳትቸኩሉ ስሙት፤ ሳታስፈቅዱም ፎቶ አታንሱ። ከዚያ በኋላ ተራራው ላይ ያን ሰፊ ሜዳ ስታዩ «የሰው እጅ ያልነካው» አትሉም። እርሻ እንደነበረ፣ የማን እንደነበረም ታውቃላችሁ።