ስለ ፓይተን ለምን ይሄን ያህል ክርክር በዛ?

ኮምፒውተር የምትማሩ ልጆች ይሄን ሳትታዘቡ አትቀሩም። ስለ አንዳንድ የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ኢንተርኔት ላይ ወሬው አያልቅም፤ የሌሎቹ ሰፈር ግን ጭር ያለ ነው። ብዙ ሰው "ተጠቃሚ ስለበዛ ነዋ!" ይላል። ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ለማግኘት የፓይተንን ታሪክ እንይ (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

በ1980ዎቹ አምስተርዳም ውስጥ፣ በአንድ የሂሳብና የኮምፒውተር ምርምር ማዕከል ኤቢሲ የሚባል ቋንቋ ተሠርቶ ነበር። ለጀማሪ የሚቀል ጥሩ ቋንቋ ነበር፤ ግን ብዙም ሳይስፋፋ ቀረ። ያኔ ኢንተርኔት እንዳሁኑ ስላልነበረ ተጠቃሚው "እዚህ ጋ ይስተካከል" የሚልበት መንገድ ጠባብ ነበር። እዚያው ሥራ ላይ የነበረው ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም በ1989 የገና እረፍቱ ላይ ፓይተንን ጀመረ። በ1991 ደግሞ ኮዱን ዩዝኔት በሚባለው የዚያ ዘመን መወያያ ላይ በነፃ ለቀቀው። የፈለገ ወስዶ ይሞክራል፣ ስህተት ያገኘ ይነግረዋል፣ ማስተካከያ ያለው ይልክለታል። ስለዚህ ወሬው ከሥራው በኋላ የመጣ አይደለም። ቋንቋው ራሱ እየተወራ ነው የተሠራው።

በ2000 ይሄ ነገር ሥርዓት ተበጀለት፤ ስሙም ፔፕ ይባላል። ለውጥ የሚፈልግ ሰው ሐሳቡን ጽፎ ያቀርባል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ በአደባባይ ይተቻል፤ የመጨረሻውን ቃል ጊዶ ይናገራል። እድራችንን አስቡት። ስብሰባ ላይ አጥብቆ የሚከራከረው መዋጮ የከፈለና ድምፁ እንደሚሰማ የሚያውቅ አባል ነው። ውሳኔው ከላይ ተወስኖ የሚመጣ ቢሆን ማን ጊዜውን ያባክናል?

ግን ዋጋም አለው። በ2018 ፔፕ 572 መጣ። ሁለት ነጥብንና የእኩል ይሆናል ምልክትን አጣምሮ ዋጋ መስጠት ይቻል የሚል፣ ላየው ሰው ትንሽ የሚመስል ለውጥ ነው። ክርክሩ ግን ተጋጋለና ወደ ቁጣ ሄደ። ሐሳቡ ጸደቀ፤ ጊዶ ግን በጁላይ ወር ከመሪነቱ በቃኝ ብሎ ወረደ። ቋንቋው አልፈረሰም። እነዚያው ሲከራከሩ የነበሩ ሰዎች ተወያይተው በ2019 አምስት አባላት ያሉት ምክር ቤት መረጡ።

አሁን ወደ ዝምተኛው እንሂድ። ኮቦል የተጠነሰሰው በ1959 ነው። ባንኮችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለብዙ ዓመታት ሠርተውበታል፤ ነገር ግን ባለሙያው ችግሩን የሚፈታው በመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ ስለሆነ ወሬው ውጭ አይሰማም። በ2020 ኮሮና ሲመጣና የሥራ አጥ ክፍያ ጠያቂው ሲበዛ፣ የአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ ግዛት ገዥ ኮቦል የሚችል በጎ ፈቃደኛ ያለህ ብለው በአደባባይ ተጣሩ። ሞቷል የተባለው ቋንቋ ለካ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ተሸክሞ ነበር!

ስለዚህ ልጆች፣ "የቱን ቋንቋ ልማር?" ስትሉ በጫጫታው ብቻ አትመዝኑ። ጫጫታው የሚነግራችሁ ቋንቋው ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ሳይሆን በሩ ለማን ክፍት እንደሆነ ነው። ለጀማሪ ይሄም ቀላል ነገር አይደለም፤ ሲቸግረው የሚጠይቀው ሰው ያገኛል። ሲችል ደግሞ ገብቶ ይከራከር። ብቻ ከዚያኛው ጫፍ ያለውም ሰው መሆኑን አይርሳ።

እናንተስ የቱን ቋንቋ ጀመራችሁ? ለምን መረጣችሁት? ኮሜንት ላይ እንወያይ።