አፍ የተናገረውን ሰው ሲደብቀው፦ ከቂጥኝ ታሪክ የምንማረው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ስለ አፍ ንጽሕና ሲወራ ቶሎ ትዝ የሚለን ሲዋክ ነው። ነቢያችን ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም አጥብቀው የያዙት ሱና ነውና ተገቢ ነው። ዛሬ ግን ስለ አፍ ሐያእ ይዞን የማናነሳውን ጉዳይ እናነሳለን። በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፉ በሽታዎች አፍ ላይም ይወጣሉ፤ በአፍም ይተላለፋሉ። ከእነሱ መካከል ረጅም ታሪክ ያለውን ቂጥኝን እንመልከት።

እ.ኤ.አ በ1495 የፈረንሳዩ ንጉሥ የቻርልስ 8ኛ ጦር የጣሊያኗን ኔፕልስ ከተማ ያዘ። ብዙም ሳይቆይ በወታደሮቹ መካከል ሰውነትን የሚያቆስል ከባድ በሽታ ተነሳ፤ ጦሩ ሲበተን በሽታውም አብሮ ወደየአገሩ ገባ። ጣሊያኖች "የፈረንሳዮች በሽታ" አሉት። ፈረንሳዮች "የኔፕልስ በሽታ" ብለው መለሱ። ሩሲያውያን በፖላንዶች አሳበቡ፤ ቱርኮች ደግሞ "ፍሬንጊ" ማለትም የፈረንጅ ብለው ጠሩት። ሁሉም ጣቱን ወደ ጎረቤቱ ቀሰረ። በሽታው ግን የማንንም ድንበር አልጠየቀም።

ሕክምናው ራሱ አፍን የሚያጠፋ ነበር። ለአራት መቶ ዓመታት ያህል ታማሚዎችን በባዜቃ፣ ማለትም በሜርኩሪ፣ ይቀቧቸውና ያጥኗቸው ነበር። ምራቅ በብዛት ሲፈስ "መርዙ እየወጣ ነው" ይባል ነበር። እውነቱ ግን ሜርኩሪው ራሱ እየመረዛቸው ነበር። ድዳቸው ቆሰለ፣ ጥርሳቸው ተነቃነቀ፣ ረገፈም። ታማሚው በሽታውን ለመደበቅ ቢፈልግም አፉ አጋለጠው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ አካባቢ ሠራተኞች የቀለጠ ብርጭቆ የሚነፉበትን የብረት ቧንቧ ከአፍ ወደ አፍ ይቀባበሉ ነበር። አንዱ ከንፈሩ ላይ የቂጥኝ ቁስል ካለው ቧንቧው ገና እርጥብ ሳለ ለባልደረባው ያቀብለዋል። ጆሴፍ ሮሌ የተባለ ሐኪም በሽታው በዚህ መንገድ መተላለፉን መዘገበ። እነዚህ ሰዎች እንጀራቸውን ፍለጋ ወጥተው ነው የታመሙት። (ይህ ማለት ግን አብሮ መብላት ወይም በአንድ ስኒ ቡና መጠጣት ያሲዛል ማለት አይደለም። ያ ትኩስ ቁስል ሳይደርቅ ወዲያው የተነካበት የተለየ ሁኔታ ነበር።)

በዚያው ዘመን ለንደን ውስጥ ጆናታን ሃቺንሰን የተባለ ሐኪም አንዳንድ ልጆች ቋሚ የፊት ጥርሳቸው ጠበብ ብሎ ጫፉ እንደ ግማሽ ጨረቃ የተቆረሰ ሆኖ አገኘው። ምክንያቱ በማኅፀን ሳሉ ከእናታቸው የተላለፈባቸው ቂጥኝ ነበር። ቤተሰብ ለዓመታት የደበቀውን ነገር የልጁ ጥርስ ተናገረ። ሱብሓነላህ! ልጁ ምን አጠፋ?

ከዚያ አላህ ለሰው ልጅ በር ከፈተ። በ1905 ጀርመን ውስጥ ሻውዲንና ሆፍማን የበሽታውን ባክቴሪያ አገኙ። በ1910 ሳልቫርሳን የተባለ መድኃኒት መጣ። በ1943 ደግሞ አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ማሆኒ አራት ታማሚዎችን በፔኒሲሊን አከመ፤ ዳኑም። ዛሬ በጊዜ የተደረሰበት ቂጥኝ በአንድ ቀን በሚሰጥ የፔኒሲሊን መርፌ ይድናል።

ታዲያ መድኃኒቱ እያለ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ብቻ 8 ሚሊዮን ያህል አዋቂዎች በቂጥኝ እንደተያዙ ለምን ገመተ? አንዱ ምክንያት የበሽታው ጠባይ ነው። የመጀመሪያው ቁስል ብዙ ጊዜ አያምም፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ሳይታከም ይጠፋል። ሰውየው "ዳንኩ" ይላል፤ በሽታው ግን በደሙ ውስጥ ቀጥሏል። ሌላው ምክንያት እኛው ነን። ምላሳችንን የሚፈራ ሰው ጤና ጣቢያ አይሄድም።

ወንድሞችና እህቶች! የወንድምን ነውር መሸፈን ታላቅ ምንዳ ያለው ሥራ ነው። ቁስልን ደብቆ የትዳር አጋርን ማስያዝ ግን ከነውር መሸፈን አይቆጠርም፤ አማናን ማጉደል ነው። የአንሷር ሴቶችን ሐያእ ዲናቸውን ከመጠየቅ አላገዳቸውም፤ የእኛም ሐያእ ከሕክምና ሊያግደን አይገባም።

ስለዚህ፦

አፍ ወይም ከንፈር ላይ የወጣ ቁስል ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ባያምም እንኳ፣ እንታይ። ሲዋክና ብሩሽ ጥርስን ያጸዳሉ፤ ቂጥኝን ግን አይከላከሉም፣ አያድኑምም።

ከኒካሕ በፊት ሁለቱም ወገኖች ይመርመሩ። በሽታው ከተገኘም ባልና ሚስት አብረው ይታከሙ፤ አንዱ ብቻ ቢታከም መልሶ ይያዛል።

እርጉዝ እህቶቻችን ክትትል በጊዜ ይጀምሩ። በአገራችን የቂጥኝ ምርመራ የእርግዝና ክትትሉ አካል ነው፤ እናት በጊዜ ከታከመች ልጇም ይጠበቃል።

የሰው አፍ ላይ ቁስል አይተን ክፉ አንጠርጥር። ጠርሙስ ነፊዎቹንና እነዚያን ሕፃናት እናስታውስ።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።