ጠበንጃ ለባለቤቱ የሚያምረው በምን ምክንያት ነው?

ስለ ውበት በተነሣ ቍጥር ፈጥኖ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ቅኔው፣ ሥዕሉ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጕልላትና ባለጥበብ ልብሱ ነው። ጠበንጃ ግን ሰው ለመግደያ የተሠራ ብረትና እንጨት በመሆኑ ከእነዚህ ጋር ለመቍጠር ያስቸግራል። ይሁን እንጂ ያለፉትን 150 ዓመታት ታሪካችንን የሚመረምር ሁሉ እንደሚገነዘበው፣ ባለጠበንጃው መሣሪያውን እንደ መጥረቢያ ወይም እንደ ማረሻ አድርጎ ብቻ አላየውም። ወልውሎታል፣ በጨርቅ ሸፍኖታል፣ በፉከራና በቀረርቶ አወድሶታል፣ ለልጁም አውርሶታል። እንግዲህ በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንጠይቀው፣ በውጭ አገር ፋብሪካ አንዱ ከሌላው ሳይለይ በብዙ ሺሕ የተሠራ ዕቃ ለኢትዮጵያዊው ባለቤቱ እንዴት ውብ ሊሆን ቻለ የሚለውን ነው።

አስቀድመን ስሙን እንመልከት። «ነፍጥ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን፣ የጥንት ትርጕሙ የሚነድ የምድር ዘይት ማለት ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ የገቡት ጠበንጃዎች ደግሞ የፈልሳፊያቸውን ወይም የመጡበትን አገር ስም ይዘው ገቡ፤ ሕዝቡም በራሱ አንደበት እያቃና ጠራቸው። በእንግሊዝ ሠራዊት የተያዘው ስናይደር «ስናድር»፣ የኦስትሪያው ማንሊኸር «ምንሽር»፣ ፈረንሳዮች ፊዚ ግራ የሚሉት «ውጅግራ» ተባለ፤ ከቤልጅግ የመጣውም በአገሩ ስም «ቤልጅግ» ተባለ። ይህ ነገር ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ባዕዱ ዕቃ በቋንቋችን ስም ካገኘ በኋላ በፎካሪው አፍ ቤት ለመምታት በቃ፤ በግጥም የሚነሣ ዕቃም የቤተ ሰብ ያህል ይቀርባል።

ከስሙ ቀጥሎ የሚመጣው እምነት ነው። በአፈ ሙዙ በኩል ባሩድና አረር የሚጎርሰው አሮጌ ነፍጥ ዝናም ሲያገኘው ይከሽፋል፤ ለማጕረስም ጊዜ ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ1874 በፈረንሳይ ጦር የተያዘው ውጅግራ ግን ከኋላ በኩል የሚጎርስ፣ ባለ 11 ሚሊሜትር ሆኖ፣ ባሩዱና አረሩ በናስ ቀለህ አንድነት የታሸገ ጥይት ይተኩሳል። ስለዚህ ባለቤቱ «ያምራል» ሲል በመጀመሪያ «በጭንቅ ቀን አያሳፍረኝም» ማለቱ ነበረ። ይህን የሚያውቀው ወታደሩ ብቻ አልነበረም። ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ሁለት ሺሕ ያህል ጠበንጃ ወደ ሸዋ ባመጣ ጊዜ፣ መሣሪያው በአውሮፓ ጊዜው ያለፈበት ዓይነት ስለ ነበረ፣ ንጉሥ ምኒልክ ነጋዴው ተስፋ ካደረገው በጣም ያነሰ ዋጋ ሰጥተው ወሰዱት። አዲሱን ከአሮጌው የሚለይ ዓይን በአገራችን አስቀድሞ ነበረ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ውበት በጥቅም ብቻ የሚለካ ቢሆን ኖሮ፣ የዐፄ ቴዎድሮስን የሴባስቶፖልን ነገር ልንረዳው ባልቻልን ነበር። ይህ ታላቅ መድፍ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት በአውሮፓውያን የሚሲዮን ሠራተኞችና በኢትዮጵያውያን ረዳቶቻቸው እጅ የተሠራ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. ተራራና ገደል እየተቈፈረ መንገድ እየወጣለት፣ በብዙ ሰው ኀይል እየተጎተተ መቅደላ እንዲደርስ አደረጉ። በጦርነቱ ውጤት ላይ ግን ያመጣው ለውጥ አልነበረም። ለንጉሠ ነገሥቱ ያማረው በተኰሰው አረር ሳይሆን በገዛ አገራቸው በመሠራቱ ነው። እኒሁ ንጉሠ ነገሥት በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ራሳቸውን የገደሉበት ሽጉጥ፣ ከእንግሊዝ ንግሥት ከቪክቶሪያ በስጦታ የተላከላቸው ነበረ። የወዳጅነት ምልክት የነበረው ዕቃ፣ ወዳጅነቱ በፈረሰበት ቀን ከመማረክ የሚያድን መሣሪያ ሆነ። ከእነዚህ ከሁለቱ እንደምንማረው፣ የመሣሪያ ክብር ከየት መጣ ከሚለው ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው።

መምጫውም በሦስት ይከፈላል፤ ግዢ፣ ስጦታና ምርኮ። በገንዘብ የተገዛው የሀብት ምስክር ነው። ከጌታ የተሰጠው የሹመትና የታማኝነት ምስክር ነው፤ ሰጪውንና ተቀባዩንም በአንድ ገመድ ያስራል። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር በ1860 ዓ.ም. ሲመለስ ለትግራዩ ለደጃዝማች ካሣ መድፍና ጠበንጃ ትቶላቸው ሄደ፤ እሳቸውም በ1863 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ድል ነሥተው፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ምርኮ ነው። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ከግብፅ ጦር፣ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ከኢጣልያ ጦር የተገኘው መሣሪያ፣ እንደዚሁም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አርበኞች ከደፈጣ ይዘው የተመለሱት ጠበንጃ፣ ለባለቤቱ የጀግንነቱ ምስክር ነበረ። ሁለት ምንሽር ጎን ለጎን ቢቀመጡ ለባዕድ ዓይን አንድ ናቸው፤ አንዱ የተገዛ፣ አንዱ የተማረከ መሆኑን ለሚያውቀው መንደር ግን አንድ አይደሉም።

ወደ ጌጡ ስንመጣ፣ ጠበንጃ የጋሻን ርስት እንደ ወረሰ እናያለን። በጥንቱ ሥርዐት ጋሻ በብርና በወርቅ እያጌጠ የማዕረግ ምልክት ሆኖ ይሸለም ነበር። ጠበንጃ ጋሻን ከጦር ሜዳ ሲያስወጣው፣ በጌታው ፊት በአሽከር ትከሻ፣ ብዙ ጊዜም በቀይ ጨርቅ ተሸፍኖ መሄድ ጀመረ። ዝናሩም ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ጥይት በብዙ ገበያ ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ትሬዛ ብር ጋር እንደ ገንዘብ ያገለግል ስለ ነበር፣ ዝናር የታጠቀ ሰው ጦሩንም ከረጢቱንም በወገቡ ይዞ ይዞር ነበር ለማለት ይቻላል። ባለቤቱ ሲሞት ደግሞ ጠበንጃው ከፈረሱ ጋር ለልቅሶው ይወጣል፤ አልቃሹም የሟቹን ሥራ የሚቈጥረው እሱን እያየ ነው።

እስከዚህ የተናገርነው ሁሉ ከሰደፉ በኩል ቆሞ ለሚያይ ሰው ነው። ከአፈ ሙዙ በኩል የቆመው ሰው ግን ምን አየ? በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ደቡብ በተደረገው ዘመቻ የሄደው ወታደር በያዘው ነፍጥ «ነፍጠኛ» ተባለ፤ በደመወዝ ፈንታም ገባር ተመራ። ገባሩ እህሉንና ማሩን አገባ፣ በጉልበቱም አገለገለ። ያ የተወለወለ ውጅግራ በነፍጠኛው ቤት ግድግዳ ላይ ሲያበራ፣ ለገባሩ ያሳየው ውበት ሳይሆን እንቢ ለማለት አለመቻሉን ነበር። የገጠር መሬት አዋጅ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የጭሰኝነትን ሥርዐት ቢያስወግድም፣ «ነፍጠኛ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ በፖለቲካ ክርክር ውስጥ ቍጣ የሚያስነሣው ይህ ትዝታ ስላልጠፋ ነው። ቃሉን ለስድብ የሚጠቀምበትም፣ በቃሉ የሚሰደበውም፣ ሁለቱም ስለ አንድ ጠበንጃ ከሁለት ወገን ሆነው ይናገራሉ።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «እንዲህ ከሆነ ስለ ጠበንጃ ውበት መጻፍ ጦርነትን ማወደስ አይሆንምን?» ብሎ ይጠይቀን ይሆናል። እኛ እንደዚህ አይመስለንም። ሰው የወደደውን ነገር ለምን እንደ ወደደው ሳንረዳ፣ ለምን ሊተወው እንደማይፈቅድ ልንረዳ አንችልም። ዛሬም ቢሆን ከአንድ ገበሬ እጅ ጠበንጃውን ለማስፈታት የሚሄድ ባለሥልጣን የሚጠይቀው ጥቂት ኪሎ ብረት ይመስለው ይሆናል፤ ገበሬው ግን የአባቱን ስም፣ የቤቱን ዋስትናና በመንደሩ ፊት የሚቆምበትን ክብር የተጠየቀ ይመስለዋል። ይህን ልዩነት ያልተገነዘበ ሕግ በወረቀት ላይ ይቀራል።

ስለዚህ በየክፍለ አገሩ ለጥናት ለሚሰማሩት ጓደኞቻችን የምናቀርበው አሳብ አለ። በአንድ ቤት አሮጌ ጠበንጃ ሲያገኙ የፋብሪካውን ስምና የተሠራበትን ዓመት መዝግበው አይለፉ፤ ይህ በብረቱ ላይ ተቀርጾ ስለሚገኝ ለነገም ይቆያል። ይልቁንም ከማን እጅ እንደ መጣ፣ ለባለቤቱ ምን እንዳስገኘለት ይጠይቁ። ከዚያም ወንዙን ተሻግረው፣ ያ ጠበንጃ ሲተኰስ ይሰሙ የነበሩትን ጎረቤቶች ልጆች ይጠይቁ። የእነዚህ ሰዎች ምስክርነት በብረት ላይ አልተቀረጸም፤ ያለውም በሽማግሌዎቻችን አንደበት ነው፤ ሽማግሌዎቹም ጥቂት ናቸው።